ሰራቂና ፋቂ፤ ስለ ቀድሞ ፎቶግራፎች

የብራና መጽሐፍ ጽፎ የሚፈጽም ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚያኖረው ማሰሪያ አለው። መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ስም እየጠራ ይናገርና፣ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ ይሁን ብሎ ይዘጋል። የቀድሞ ሊቃውንት ሰራቂንና ፋቂን በአንድ ውግዘት ማሰራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፣ ሰራቂው መጽሐፉን ከስፍራው አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል፤ ፋቂው ግን መጽሐፉን በስፍራው ትቶ ስሙን ያጠፋዋል። የተሰረቀ መጽሐፍ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል፤ የተፋቀ ስም ግን ከወዴት ይመለሳል?

ይህ የብራና ሥርዐት ዛሬ ለፎቶግራፍም ሊነገር ይገባል። በየከተማው አንድ መልካም ሥራ ተጀምሯልና። የቀድሞ ሰዎች ፎቶግራፍ ከየሣጥኑና ከየአልበሙ እየወጣ፣ በስካነር እየተገለበጠ፣ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ ይታያል። አያቱን በሕይወት ያላገኛት የልጅ ልጅ መልኳን ያያል፤ በዋሽንግተንና በኢየሩሳሌም፣ በሮምና በዱባይ የሚኖር ሰው የተወለደበትን ሰፈር ሳይፈርስ እንደ ነበረ ይመለከታል። ይህ ሥራ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን በሥራው ዙሪያ ሁለት ወገኖች ተነሥተው ይከራከራሉ። አንዱ ወገን «ሁሉ ይውጣ፣ ሁሉ ይታይ» እያለ ያገኘውን ሁሉ ይበትናል። ሁለተኛው ወገን «ሁሉ ይጠበቅ» እያለ በእጁ የገባውን ሁሉ ይቈልፋል። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንደ ባላጋራ ይተያያሉ። ነገሩ ሲመረመር ግን አንድ ሥራ የሚሠሩ ባልንጀሮች ናቸው፤ ሁለቱም ፋቂዎች ናቸውና።

አስቀድሞ የበታኙን ነገር መመልከት ይገባል። በታኝ የተባለው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አገሩን የሚወድ ወጣት ነው። ከአክስቱ ቤት አልበም ያገኛል፤ በስልኩ ያነሣዋል፤ በጠርዙ ላይ ያለውን የፎቶ ቤት ማኅተም ቈርጦ ይጥላል፤ ቡናማውን መልክ በቀለም ይቀባዋል፤ ከሥሩም «ድሮ ደጉ ዘመን» ብሎ ይለጥፈዋል። በአንድ ሌሊት እጅግ ብዙ ሰው ያየዋል። ጧት ሌላው ወስዶ የራሱን ስም በመካከሉ ያትምበታል፤ በሦስተኛው ቀን የጎንደር ሰው የነበረው የሐረር ሰው ይሆናል፤ በሳምንቱ መሪጌታ የነበሩት አባት «ያልታወቁ ባሕታዊ» ተብለው ይዞራሉ። ያያቸው ሰው ብዙ ነው፤ ያወቃቸው ግን አንድ ስንኳ የለም።

የፎቶግራፍ ፊቱ መልክ ነው፤ ጀርባው ግን ታሪክ ነው። በቀድሞ ዘመን ሰው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለወዳጁ ሲሰጥ «ለማስታወሻ» ብሎ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን፣ የራሱንና የወዳጁን ስም ከጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር፤ ፎቶ ቤቱም ማኅተሙን በዚያው ላይ ያሳርፍ ነበር። ስካነር ግን ፊቱ የተደፋለትን እንጂ ጀርባውን አያይም፤ የሚገለብጠው ሰው ካላሰበበት ጀርባው እንደ ተሸፈነ ይቀራል። ፊቱን ብቻ ገልብጦ አልበሙን የመለሰ ሰው ታሪክ አቈየሁ ብሎ ቢመካ፣ ደጀ ሰላሙን ረግጦ ተመልሶ አስቀደስሁ እንደሚል ሰው ነው።

የዚህ ነገር ጕዳት በልቅሶ ቤት ጐልቶ ይታያል። አንዲት ባልቴት ያርፋሉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጆቻቸው ሣጥኑን ይከፍታሉ። ከቀሚሱና ከነጠላው በታች በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ ይገኛል፤ ካባ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎችና በመካከላቸው የቆመ አንድ ሕፃን። ሕፃኑ ማን ነው? ሽማግሌዎቹስ እነማን ናቸው? ታላቂቱ ልጅ «እማማ ያውቁ ነበር» ትላለች፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ባለፈው ፋሲካ እማማ በደኅና ሳሉ አንድ ጥያቄ ቢጠየቁ ኖሮ አራት ስም ይገኝ ነበር። አሁን ግን ያን ፎቶግራፍ የዓለም ስካነር ሁሉ ቢገለብጠው አንዱን ስም ስንኳ ሊያወጣው አይችልም።

በቅኔ ቤት ያደረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሰሙ ብቻ ተነግሮ ወርቁ ካልታወቀ ቅኔው አልተፈታም። በፎቶግራፍም መልኩ ሰም ነው፤ ዐይን ያለው ሁሉ ያገኘዋል። ወርቁ ግን ማን እንደ ሆነ፣ የትና መቼ፣ ስለ ምንስ እንደ ተነሣ የሚናገረው ቃል ነው። ደግሞም የመምህሩን ቅኔ የሚነግር ተማሪ የማን እንደ ሆነ ሳይናገር አያልፍም፤ የሌላውን ቅኔ ባለቤቱን ሰውሮ የነገረ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። በቅኔ ቤት ነውር የሆነው ነገር በኢንተርኔት ሲሆን ሙያ የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስም ያለውና ስም የሌለው ሥዕል እንዴት እንደሚለያዩ የመቅደላ ዘመቻ ምስክር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ የሚያነሡ የመሐንዲስ ወታደሮችን ይዞ መጥቶ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በዚያውም ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። ልዑሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንድዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ቢጠየቅም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም ብሎ መለሰ። ሥዕሉ ግን ዛሬ በኢንተርኔት ለማንም ይታያል። ያንን ያዘነ የሕፃን ፊት ያየ ሁሉ ዓለማየሁ ነው ብሎ የሚያዝነው ስሙ ከመልኩ ጋር ስለ ተጻፈ ነው። በዚያው ዘመቻ ከተነሡት የአገር ሰዎች መካከል ስማቸው ያልተጻፈላቸው አሉ። እነርሱንም እናት ወልዳቸዋለች፤ ካህን አጥምቆ ስም አውጥቶላቸዋል። የሚያዝንላቸው የታጣው ስለ ምንድን ነው? ማን ብሎ ይዘንላቸው?

ስም በጠፋበት ስፍራ ደግሞ ሐሰት ፈጥኖ ይገባል። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስካሁን አይታወቅም፤ ያለው በእጅ የተሣለ ሥዕል ነው። እንዲህም ሆኖ «እውነተኛው የቴዎድሮስ ፎቶግራፍ» ብሎ አንዱን ባለሹሩባ የሚለጥፍ ሰው አድናቂ አያጣም። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ያልተወለደን ሰው መልክ አሳምሮ ያወጣል። በዚህ ዘመን መዝገብ የሌለው የቀድሞ ፎቶግራፍ ትናንት ማታ በኮምፒዩተር ከተሠራው በምን ይለያል? ለእውነተኛው ሥዕል የሚቆምለት ምስክር መዝገቡ ነው። ያንን የፋቀ ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ጕድጓድ ጥሎታል።

ይህን ሲሰማ ቈላፊው ደስ ይለው ይሆናል። «ስለዚህ እኮ ነው የምቈልፈው» ይል ይሆናል። የእርሱ በደል ግን ከበታኙ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ለመቈለፉ ሦስት ምክንያት ያቀርባል። ይበላሽብኛል ይላል፤ ንብረቴ ነው ይላል፤ ሁሉ ሥዕል ለሁሉ ዐይን አይገባም ይላል።

ለፊተኛው መልስ እንዲህ ነው። ቍልፍ ከሌባ ያድናል፤ ከእርጥበት፣ ከብልና ከሥዕሉ ከራሱ ጠባይ ግን አያድንም። በእንቍላል ነጭ የተሠራው የቀድሞ ወረቀት እያደር ይደበዝዛል፣ ቢጫም ይሆናል። ናይትሬት የሚባለው ፊልም እያደር ይፈርሳል፣ እሳት ቢያገኘውም ፈጥኖ ይነድዳል። በእርሱ ፈንታ የመጣው አሲቴት የሚባለው ፊልም ሲያረጅ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል፣ ይኰማተራል፣ ሥዕሉንም ይዞ ይላጣል። የመስታወቱ ኔጋቲቭ አንድ ጊዜ ከወደቀ ወደቀ። ቈላፊው ሣጥኑን በከፈተ ቀን የሚያገኘው የጠበቀውን ሳይሆን የጠበቀውን ነገር ሽታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለሁለተኛው መልስ የአገሩ ሕግ ይበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ የሚሰጠው የገንዘብ መብት ጥበቃ ሥራው ከተሠራ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። እንግዲህ በአፄ ምኒልክ ዘመን በተነሣ ሥዕል ላይ «መብቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው ወረቀቱን ይይዝ እንደ ሆነ እንጂ መልኩን ሊይዝ አይችልም። ይሁን እንጂ በታኙ በዚህ አይኵራራ፤ ዓመቱ ሲያልፍ ሕጉ ገንዘቡን ለቀቀ እንጂ የሠራውን ሰው ስም ፋቁ አላለም። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ ለአፄ ምኒልክ፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ለተከታዮቹ ነገሥታት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የዚያን ዘመን መልክ ለማየት ያበቃ ይህ ቤተሰብ ነው። ሥዕላቸውን ማሳየት መልካም ነው፤ ስማቸውን ቈርጦ ማሳየት ግን የድካማቸውን ዋጋ መንሣት ነው።

የመቈለፍ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ከኢየሩሳሌም መማር ይቻላል። በዚያች ከተማ የአሜሪካ ኮሎኒ የሚባለው ማኅበር ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ፎቶ ቤት ነበረው፤ በኋላም ሥራው ኤሪክ ማትሰን ለተባለው ባለሙያ ተላለፈ። በዚህ ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያ መነኰሳት የትንሣኤን በዓል ሲያከብሩ የተነሡት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. በስደት ኢየሩሳሌም በገቡ ጊዜ የተነሡት ይገኛል። ማትሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ስብስቡን በዋሽንግተን ላለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በኢየሩሳሌም በምድር ቤት ተዘግቶበት የቀረው ክፍል ግን በኋላ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ገብቶበት ተበላሽቶ ተገኘ። የዳነው ሁሉ ዛሬ ተገልብጧል፤ ከ20,000 የሚበልጥ ሥዕል ያለ ዋጋ ለማንም ይታያል። ቈላፊው ከዚህ ሁለት ነገር ይማር፤ ምድር ቤቱ ምን እንዳደረገ፣ ክፍቱ መዝገብም ምን እንዳደረገ።

በዚያም መዝገብ ጕድለት አለ። ብዙ ሰው በየስሙ ሳይሆን በየወገኑና በየሥራው ብቻ ተጠርቶ አልፏል፤ መነኩሴው «መነኩሴ»፣ ገበሬው «ገበሬ» ተብሏል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ከዚህ በላይ አያውቅም ነበርና በእርሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ሥዕሉ በመዝገብ ቍጥር ተለይቶ በግልጽ ስለ ተቀመጠ፣ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ስሙን ሊያመጣለት ይችላል። በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ ላለው ግን ማን ስም ያመጣለታል?

ይህም ተስፋ ብቻ አይደለም፤ ተፈትኖ ታይቷል። ያው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር 3,000 ያህል የቀድሞ ፎቶግራፎችን ፍሊከር በሚባለው ስፍራ አውጥቶ፣ የሚያውቅ ያስረዳ ብሎ ሕዝብን ጠየቀ። አንዱ የአያቱን ጎረቤት፣ አንዱ የፈረሰውን ሕንጻ፣ አንዱ የዳኛውን ስም እያመጣ ነገረው። ቤተ መጻሕፍቱም የተባለውን ሁሉ አልተቀበለም፤ መርምሮ እውነት ሆኖ ያገኘውን መዘገበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ከ500 በላይ የሚሆኑ መዝገቦች በዚህ መንገድ መታረማቸውን ተናገረ። እንግዲህ ሥዕልን ማውጣት ስምን መመለሻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያወጣው ሰው ጠይቆ፣ መርምሮ፣ ጽፎ የሚያኖር ሲሆን ብቻ ነው። በታኙ ያወጣል፤ አይጽፍም። ቈላፊው ይጽፍ ይሆናል፤ አያወጣም። ስሙ በሁለቱ መካከል ይጠፋል።

ይህ የባዕድ ጥበብ ነው እንዳይባል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ታውቀዋለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር፤ ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍትም በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጋር በተደረገ ስምምነት ተነሡ። ያ ሁሉ ፊልም ተነሥቶ ብቻ ቢቀር ኖሮ ክምር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ያረፉት ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረባቸው ዊልያም ማኮምበር ግን እያንዳንዱን መጽሐፍ እያነበቡ፣ የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ባለቤቱንና ደብሩን በስሙ እየጠሩ ካታሎግ አዘጋጁ። ዛሬ በዓለም ዳርቻ ያለ ተማሪ የሚፈልገውን መጽሐፍ የሚያገኘው በዚያ ካታሎግ መሪነት ነው። ለብራናው የተደረገው ለፎቶግራፉ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

ቈላፊው በሦስተኛ የሚያቀርበው ምክንያት ከሁለቱ ይከብዳል፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባውም። ሁሉ ሥዕል ለሁሉ ዐይን አይገባም ማለቱ እውነት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን የኢጣልያ ወታደሮች የተሰቀሉ ሰዎችን፣ የአርበኞችን የተቈረጠ ራስ፣ ልብሳቸውን የተገፈፉ ሴቶችን እያነሡ ለማስታወሻ ያኖሩ ነበር። ይህ ሥዕል ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ገዳዩ ያንን ሥዕል ያነሣው ሟቹን ሊያስታውስ አይደለም፤ ስሙን ገፎ ምርኮ ሊያደርገው ነው። እንግዲህ ያለ ስምና ያለ ታሪክ ለጥፎ «እዩት» የሚል ሰው፣ ምንም እንኳ በቍጭት ቢያደርገው፣ የገዳዩን ሥራ ይፈጽምለታል። እንዲህ ላለው ሥዕል መዝገቡ ክፍት ሆኖ መልኩ ለጠየቀና ለሚገባው ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ቤተሰብ ቢኖር አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ የሟቹም ስም ተፈልጎ ከነማዕርጉ ሊጻፍለት ይገባል። ነገር ግን ለጥቂቱ የተገባ ጥንቃቄ ለሁሉ መቈለፊያ ሰበብ አይሁን። የሠርግና የጥምቀት ሥዕል ከተሰቀለ ሰው ሥዕል ጋር በአንድ ቍልፍ መታሰሩ ስለ ክብር ሳይሆን ስለ ስንፍና ነው።

ሥራውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሥርዐት ይጠይቃል። ከስካነሩ አስቀድሞ ሽማግሌው ይጠየቅ። ሥዕሉ አንድ ዓመት ቢቈይ ይቈያል፤ የዘጠና ዓመት አዛውንት ግን ለከርሞ ቀጠሮ አይሰጡም። የተናገሩት በድምፅ ይቀረጽ፤ ማን እንደ ተናገረና መቼ እንደ ተናገረ ይጻፍ። ስም ከነአባቱና ከነማዕርጉ በአማርኛ ይጻፍ፤ እርግጥ ያልሆነው «ይባላል» ተብሎ ይለይ እንጂ በግምት አይሞላ። ሥዕሉ ፊቱም ጀርባውም ይገልበጥ፤ ጠርዙ አይቈረጥ፤ ቀለም የተቀባው ቅጅ ከዋናው አይቀላቀል። ዋናው ቅጅ ሳይጨመቅ በትልቁ ይቀመጥ፤ ለሕዝብ የሚታየው አነስ ያለው ይሁን። ቅጁም ሦስት ይሁን፤ አንዱ በሌላ ከተማ ይቀመጥ። ስለ ምን ቢሉ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ወንበዴዎች በተመታ ጊዜ፣ ተገልብጠው በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍቱ ለብዙ ወራት ለአንባቢ ተዘግተው ነበር። ያን ያህል ታላቅ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ የአንድ ሰፈር ታሪክ እንዴት ይሆናል?

ለዚህ ሥራ ሠራተኛ ከሩቅ አይፈለግም። የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፤ የትኛዋ ባልቴት የትኛውን ሣጥን እንደ ያዘች፣ የማን አባት የማን ጸሐፊ እንደ ነበረ ከእርሱ የሚሻል የሚያውቅ የለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ስካነሩን ያውቃል። በመሥሪያ ቤት ያለው የተማረ ሰው መዝገብ አያያዝ ያውቃል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ቢቀመጡ የአንድ ደብር አጥቢያ ፎቶግራፍ በአንድ ክረምት ተገልብጦ፣ ስም ወጥቶለት፣ ተመዝግቦ ያድራል። ሦስቱ ተለያይተው ሲቀሩ ግን ካህኑ ስሙን ይዞ ያርፋል፣ ወጣቱ መልኩን ይበትናል፣ ሹሙም ባዶውን መዝገብ ይቈልፋል።

ብራናውን የጻፈው ሰው ራሱን ኃጥእ እያለ ስሙን በመጨረሻው ቅጠል ላይ የጻፈው ትዕቢት ይዞት አይደለም፤ የሚያነበው ሰው በጸሎቱ እንዲያስበው ነው። ነጠላውን አስተካክሎ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ በፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ ትንፋሹን ይዞ ቀጥ ብሎ የተቀመጠውም ሰው የፈለገው ይህንኑ ነው። መልኩ እስካሁን አለ። ስሙን የሚያውቁት እናት በዚህ ሳምንት በሕይወት ካሉ፣ ዛሬውኑ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።